የቻይና መርፌ የተጎዳ ጭንቅላትን ያድናል?

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ዘመድ አዝማዱ “እንኳን ለዚህ አበቃህ!” ይለዋል። ቁስሉ ደርቋል፤ ስፌቱም ተፈቷል። ሰውየው ግን ያ የድሮው ሰው አይደለም። በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ አሁን የነገሩትን አሁን ይረሳል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን ራስ ምታት! አንዳንዱም አንድ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል፤ እጁ ተጨብጦ አልዘረጋ ይላል። መኪና የገጨው፣ ከሞተር የወደቀ፣ በጠብ መሀል በዱላ የተመታ… ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው።

ቤተሰብ መላ ፍለጋ የሚጀምረው ይሄኔ ነው። ጠበሉ ይሞከራል፣ ወጌሻው ይጠራል። ከዚያ አንዱ ጎረቤት “ለምን የቻይናን መርፌ አትሞክሩም? እነ እገሌ ድነውበታል እኮ!” ይላል። የእናት ዓይን ይበራል። ለመሆኑ ይህ መርፌ ለተጎዳ አንጎል ይሠራል ወይስ ኪስ ብቻ ነው የሚያራቁተው?

ነገሩ ምንድነው?

ስሙ አኩፓንክቸር ይባላል። ቻይናውያን ከ2ሺህ ዓመት በላይ ተገልግለውበታል። መርፌው እንደ ክትባት መርፌ መድኃኒት የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ውፍረቱም ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆዳ ላይ ተሰክቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ የራስ ቆዳ ላይ የሚሰካበት ዘዴ ቻይና ውስጥ ተስፋፍቷል፤ ለስትሮክና ለጭንቅላት ጉዳትም ይታዘዛል። ጥንታውያኑ “ቺ” የሚሉት የሕይወት ኃይል እንዲፈስ ያደርጋል ይላሉ። የዘመኑ ሐኪሞች ግን ውጊያው ነርቭን ቀስቅሶ ሰውነት የራሱን ሕመም ማስታገሻ እንዲያመነጭ ያደርጋል ብለው ያስረዳሉ።

ወሬና እውነት

የዚህ መርፌ ዝና ምዕራቡ ዓለም የገባው በአንድ ጋዜጠኛ ትርፍ አንጀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1971 የኒውዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ሳለ ታሞ ኦፕራሲዮን ሆነ። የደነዘዘው በተለመደው ማደንዘዣ ነበር፤ አኩፓንክቸር የተደረገለት ከዚያ በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው ነው። ቀለል እንዳለውም ጻፈ። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ግን ብዙዎች በአኩፓንክቸር ብቻ ደንዝዞ የተቀደደ አስመሰሉት!

ለአንጎል ጉዳትስ? የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በአደጋ ጭንቅላታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ፈለገ። ያገኘው 4 ብቻ፣ ታካሚዎቹም ተደምረው 294 ነበሩ። ጥናቶቹ ደካማ ስለነበሩ ይሠራል ብሎ ለመናገር አላስቻሉም። በ2016 ደግሞ ለስትሮክ የተደረጉ 31 ሙከራዎችን መዘነ፤ የመሻል ምልክት ቢያይም የአብዛኞቹ ጥራት ዝቅተኛ ነው አለ።

ታዲያ “እነ እገሌ ድነውበታል” ያለው ጎረቤት ዋሽቷል? ላይዋሽ ይችላል። የተጎዳ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱም ይሻሻላል። በዚያ ወር መርፌ የተወጋ መርፌውን፣ ወጌሻ ጋ የሄደ ወጌሻውን ያመሰግናል። ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ብለው ጫፉ ደነዝ የሆነ፣ እንደ ቲያትር ጩቤ ወደ እጀታው የሚገባ የውሸት መርፌ ሳይቀር ሠርተዋል። ታካሚው የተወጋ ይመስለዋል፤ የእውነተኛው ጥቅም የሚለካው ከዚህ ከበለጠ ብቻ ነው።

ደግሞም የሞተውን የአንጎል ክፍል መርፌ አያስነሳውም። የጠፋውን ሥራ ሌላው ክፍል የሚረከበው በልምምድ ነው፤ ኩባያ መቶ ጊዜ በማንሳት፣ ደረጃ በመውጣት፣ ንግግርን እንደ ሕፃን ከ“ሀ ሁ” በመጀመር።

እና ምን ይሻላል?

አንሞክር አንልም። ለራስ ምታቱ እፎይታ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥም በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚመደቡ ቻይናውያን ሐኪሞች ይህን ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። ግን እነዚህን አትርሱ፦

• መጀመሪያ የሚያክመውን ሐኪም አማክሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንኑ ይናገር። በኦፕራሲዮን የራስ ቅል አጥንቱ የጎደለ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ፈጽሞ መወጋት የለበትም።

• መርፌው አዲስ መሆኑን፣ ፊታችሁ ሲከፈት በዓይናችሁ እዩ። በሌላ ሰው የተወጋ መርፌ የጉበት በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

• “የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ተው፣ እኔ አድንሃለሁ” የሚል ካጋጠማችሁ ሂሳባችሁን ሳትከፍሉ ውጡ!

• ስንት ቀጠሮ እንደምትሞክሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። የተኛበትን ሰዓትና ራሱን ያመመውን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። ለውጥ ከሌለ አቁሙ።

• ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፊዚዮቴራፒውን ምረጡ። በነዚያ ውድ ወራት የታለፈ ልምምድ በኋላ ለማካካስ ይከብዳል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ወንድማችሁ ወይም እጮኛችሁ ከአደጋው ወዲህ ቁጡ ከሆነባችሁ “ጠባዩ ተበላሸ” ብላችሁ አትራቁት። ቁጣው የጉዳቱ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ንገሩ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ክንዱን ይዛችሁ እስከ ሰፈሩ ጫፍ አብራችሁት ተራመዱ። ምሕረቱን ይላክላችሁ!