የታችኛው እግርና የቁርጭምጭሚት ስብራት የምርመራ ኮድ

የታችኛው እግርና የቁርጭምጭሚት ስብራት የምርመራ ኮድ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያሉ አጥንቶች ሲሰበሩ በሕክምና መዝገብ ላይ የሚሰፍር የፊደልና የቁጥር መለያ ነው። ኮዱ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዘጋጀው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ (አይሲዲ) ውስጥ ነው። በአሥረኛው እትም (አይሲዲ-10) የምድቡ መለያ ኤስ82 ነው። ይህ እትም በ1990 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

አንድ ዓይነት ጉዳት በተለያየ ቋንቋና አገላለጽ ቢጻፍም በአንድ ኮድ ስለሚመዘገብ መቁጠርና ማወዳደር ይቻላል። በብዙ አገሮች የመድን ክፍያም በኮዱ ላይ ይመሠረታል።

የምድቡ አከፋፈል

ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ የተሰበረውን ቦታ ያመለክታል፦

* ኤስ82.0፦ የጉልበት ሎሚ
* ኤስ82.1፦ የቲቢያ (የቅልጥም አጥንት) የላይኛው ጫፍ
* ኤስ82.2፦ የቲቢያ መካከለኛ ክፍል
* ኤስ82.3፦ የቲቢያ የታችኛው ጫፍ
* ኤስ82.4፦ ፊቡላ (ከቲቢያ ጎን ያለው ቀጭን አጥንት) ብቻውን ሲሰበር
* ኤስ82.5፦ የቁርጭምጭሚት የውስጥ ጉብታ
* ኤስ82.6፦ የቁርጭምጭሚት የውጭ ጉብታ
* ኤስ82.7፦ በታችኛው እግር ላይ የደረሱ ብዙ ስብራቶች
* ኤስ82.8፦ ሌሎች ክፍሎች፤ ሁለቱም ጉብታዎች አብረው ሲሰበሩ እዚህ ይገባል
* ኤስ82.9፦ ቦታው ያልተገለጸ

ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉ የእግር አጥንቶች ስብራት ግን በኤስ92 ሥር ይመደባል።

ዝግና ክፍት ስብራት

ቆዳው ሳይቀደድ አጥንቱ ሲሰበር ዝግ፣ ስብራቱ ከቁስል ጋር ሲገናኝ ክፍት ስብራት ይባላል። በአይሲዲ-10 ይህ በተጨማሪ አኃዝ ይለያል፤ 0 ዝግ፣ 1 ክፍት ነው። ስለዚህ ኤስ82.21 የቲቢያ መካከለኛ ክፍል ክፍት ስብራት ማለት ነው። ሐኪሙ ዓይነቱን ካልጻፈ ስብራቱ እንደ ዝግ ይቆጠራል። ክፍት ስብራት ለአጥንት መመርቀዝ ይበልጥ ስለሚያጋልጥ፣ አንዲት ቃል ከመዝገቡ ብትጎድል ከባዱ ጉዳት በቁጥር መረጃ ውስጥ ቀላል ሆኖ ይታያል።

የአሜሪካ ቅጂ

ዩናይትድ ስቴትስ ከጥቅምት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጠቀምበት ዝርዝር ቅጂ ለዚህ ስብራት ሰባት ፊደላትና አኃዞች ያሉት ኮድ ይጠይቃል። ግራ ወይም ቀኝ እግር መሆኑና አጥንቱ ከቦታው መልቀቁ ይጨመራል። ሰባተኛው ፊደል የሕክምናውን ደረጃ ይገልጻል። ለምሳሌ ኤስ82.841ኤ በቀኝ እግር ሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች ተሰብረው ከቦታቸው የለቀቁበት፣ ዝግ የሆነና በዋናው ሕክምና ላይ ያለ ስብራት ነው። በኋላ በሽተኛው ለክትትል ሲመለስ፣ ስብራቱ እንደሚጠበቀው እየዳነ ከሆነ የመጨረሻው ፊደል ዲ ይሆናል፤ አጥንቱ ሳይገጥም ከቀረ ኬ፣ ተጣሞ ከገጠመ ፒ ይጻፋል።

ከሌሎች ኮዶች ጋር ያለው ግንኙነት

ኤስ82 በአደጋ ለደረሰ ስብራት ብቻ ያገለግላል። አጥንት በማሳሳት በሽታ (ኦስቲዮፖሮሲስ) ምክንያት የተሰበረ አጥንት በኤም80 ይመዘገባል። በአሜሪካው መመሪያ መሠረት፣ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጤናማ አጥንትን በማይሰብር ቀላል መውደቅ ቢሰበርም ኮዱ ኤም80 ነው። ልዩነቱ ሕክምናውን ይነካል፤ ኤስ82 ብቻ ከተጻፈ መታከም ያለበት ዋናው በሽታ ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል። የአደጋው መንስኤ፣ ለምሳሌ መውደቅ ወይም የመኪና ግጭት፣ በሌላ ተጨማሪ ኮድ ይገለጻል።

ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አሥራ አንደኛ እትም ይህ ምድብ ኤንሲ92 ተብሏል።