ሰማያዊው ማልያ ቀይ ሲሆን

ቦራ እየተባለ ያደገን በሬ ገበያ ወጥታችሁ ብትገዙና ዳልቻ ብላችሁ ብትጠሩት፣ ቶሎ ዞር ብሎ አያያችሁም። በሬው ግን የእናንተ ነው፤ ዋጋውን ከፍላችኋል። ዛሬ የምናነበው በሬ ሳይሆን የኳስ ቡድን ስለ ገዛ አንድ ሀብታም ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል ዌልስ የሚባል አገር አለ። ዋና ከተማው ካርዲፍ ነው። ካርዲፍ ድሮ የድንጋይ ከሰል በመርከብ የሚጫንበት ታላቅ ወደብ ነበር። የከተማው የእግር ኳስ ቡድን በ1899 ተቋቋመ። ተጫዋቾቹ ለመቶ ዓመት ያህል ሰማያዊ ማልያ ለብሰው ተጫወቱ፤ የቡድኑ ቅጽል ስምም «ሰማያዊ ወፎች» ነው። በ1927 አርሴናልን 1 ለ 0 አሸንፈው የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰዱ። ያንን ቀን አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ሲያወራው ኖሯል።

ታዲያ ቡድኑ የማን ነው? ደጋፊው «የኔ ነው» ይላል። በሕግ ግን ቡድኑ ኩባንያ ነው። ኩባንያ ደግሞ በአክሲዮን ይከፋፈላል። ብዙውን አክሲዮን የያዘ ሰው ያዛል። ደጋፊው በየሳምንቱ የመግቢያ ቲኬት ይቆርጣል፤ ቲኬቱ ግን ጨዋታ ያሳየዋል እንጂ ድምፅ አይሰጠውም።

በ2010 ቡድኑ ዕዳ በዛበት። ግብር ሳይከፍል ቀርቶ ፍርድ ቤት ድረስ ተከሰሰ። በዚያው ዓመት ከማሌዥያ ባለ ሀብቶች መጡ። ማሌዥያ በእስያ የምትገኝ ሩቅ አገር ነች። ከመጡት መካከል ዋናው ቪንሰንት ታን ይባላል። ሰዉም እፎይ አለ።

በ2012 ግን ሌላ ወሬ ተሰማ። ማልያው ቀይ ይሁን፣ በዓርማው ላይም በወፏ ፋንታ ቀይ ዘንዶ ጎላ ብሎ ይታይ ተባለ። ለምን ቢባል ቀይ ቀለም በእስያ የመልካም ዕድል ምልክት ስለሆነ፣ እዚያ ገበያ ያስገኛል ተብሎ ነው። ደጋፊው ሲጮህ ሐሳቡ ለጥቂት ጊዜ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ግን በሥራ ላይ ዋለ። ባለ ሀብቱም ለቡድኑ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚያወጣ ቃል ገባ።

ደጋፊው እዚህ ላይ ተከፈለ። አንዳንዱ «ቡድኑ ከሚፈርስ ቀይ ይልበስ» አለ። ይህን ያሉትን መስደብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ዕዳ ያለበት ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ሌላው ደግሞ ሜዳ መሄዱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ብዙዎቹ ግን በዚያው በቀዩ ስታዲዮም ሰማያዊ ለብሰው ይገቡ ጀመር። ጨዋታው ከተጀመረ 19 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ሲሆን፣ የ1927ን ዋንጫ ለማስታወስ፣ ምንጊዜም ሰማያዊ ነን እያሉ ይዘምሩ ነበር። ብልሃታቸው ያስገርማል!

ነገሩን ያወሳሰበው ድል ነው። በ2013 ቀይ ለባሹ ቡድን ከ51 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ወጣ። እንዴት ይሁን? ደስ ይበላቸው ወይስ ይዘኑ? ብዙዎቹ ሁለቱንም ሆኑ። በ2014 ግን ቡድኑ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ፤ ተቃውሞውም በረታ። የመግቢያው ገቢ አነሰ፣ ወንበሩም ባዶ ሆነ።

በጥር ወር 2015 ባለ ሀብቱ ሐሳቡን ለወጠ። እናቱ ስለ አንድነትና ስለ ደስታ እንደ መከረችው ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት ሰማያዊ እንዲለብስ፣ ቀዩ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እንዲሆን ተወሰነ። ወፏም ወደ ዓርማው ተመለሰች፤ ከሥሯ ግን ትንሽ ዘንዶ ተሥሎ ቀረ።