ትንኮሳ እንዴት ይሠራል? የወልወል ትምህርት

«ትንኮሳ ተፈጸመብን» የሚል መግለጫ በዜና ሳይሰሙ አይቀሩም። ትንኮሳ ማለት ሌላውን ሆን ብሎ አስቆጥቶ፣ ለተንኳሹ የሚጠቅም ምላሽ እንዲሰጥ መገፋፋት ነው። ተንኳሹ የሚያተርፈው ከምላሹ ነው።

ጦርነት የፈለገ መንግሥት ታዲያ ለምን በቀጥታ አይወርም? ሰበብ ስለሚያስፈልገው ነው። ሕዝቡ ልጆቹን ወደ ግንባር እንዲልክ «ተነካን» ሊለው ይገባል። ወዳጅ አገሮች እንዳይርቁትም «ቀድሞ የተኮሰው እሱ ነው» ብሎ ማሳመን ይፈልጋል።

ሰበብ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባላንጣን ማስቆጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የፕሩሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ፣ ንጉሡ ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር ያደረጉትን ንግግር የሚገልጽ ቴሌግራም አሳጥሮ፣ ስድብ አስመስሎ ለጋዜጦች ሰጠ። የተቆጣችው ፈረንሳይ በቀናት ውስጥ ጦርነት አወጀች፤ ተሸንፋም ግዛት አጣች። ሁለተኛው መንገድ ጥቃቱን ራስ ፈጥሮ በሌላው ማሳበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የጃፓን መኮንኖች በቻይናዋ ሙክደን ከተማ አጠገብ የራሳቸውን የባቡር ሐዲድ አፈነዱ። ቻይናን ወንጅለው ግዛቷን ማንቹሪያን ያዙ።

የእኛ አገር ምሳሌ ወልወል ነው። ጣሊያን በኦጋዴን፣ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ባለው በዚህ የውኃ ጉድጓድ ሥፍራ ምሽግ ሠርታ ተቀመጠች። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን ከአጃቢዎቹ ጋር ሲደርስ የጣሊያን ጦር አላስገባም አለ። እንግሊዞቹ ግጭት ሸሽተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ኢትዮጵያውያኑ አጃቢዎች ግን ከጣሊያን ጦር ጋር ተፋጠው ቀሩ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሰው አገር ምሽግ ይዞ መቀመጡ ግን በራሱ ትንኮሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥያቄ ልብ ይበሉ። ጣሊያን የሐረር ገዥ ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ለባንዲራዋ ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 ማርትሬዛ ብር እንዲከፈላት ጠየቀች። ኢትዮጵያ እሺ ብትል ወልወል የጣሊያን መሆኑን ማመኗ ነው። እምቢ ስትል ደግሞ ጣሊያን ሰበብ ታገኛለች። ጥያቄው የተሰናዳው በሁለቱም በኩል ወጥመድ እንዲሆን ነበር።

ኢትዮጵያ ምን አደረገች? በ1920 ዓ.ም. በተፈረመው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በገላጋይ ዳኞች እንዲታይ ጠየቀች። ወደ መንግሥታት ማኅበር፣ ማለትም በጊዜው አገሮች ክርክራቸውን ወደሚያቀርቡበት ጉባኤ፣ አቤት አለች። ወረራው ሲቃረብ ጦሯን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ አዘዘች። ዳኞቹም ለግጭቱ ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ አላደረጉም። ጣሊያን ግን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረች። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» እንደሚባለው፣ ውሳኔው ቀድሞ አልቆ ነበር። ወረራውን የጀመረው ጄኔራል ዴ ቦኖ በኋላ በመጽሐፉ፣ የጣሊያን መሪ ሙሶሊኒ ዘመቻውን ከወልወል ግጭት በፊት ማሰናዳት መጀመሩን ገልጿል።

ታዲያ ትዕግሥቱ ምን ጠቀመ? ጦርነቱን አላስቀረም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ በጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ ስላልገባና የሱዌዝ ቦይ ክፍት ስለነበር ማዕቀቡም ወራሪውን አላቆመውም። ነገር ግን ወረራው በተጀመረ በቀናት ውስጥ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ጣሊያን የማኅበሩን ቃል ኪዳን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋገጠ። ኢትዮጵያ ቀድማ ዘምታ ቢሆን ይህን ፍርድ ማግኘት ይከብዳት ነበር።

ባላንጣ ለጦርነት ገና ባልወሰነበት ጊዜ ደግሞ ትዕግሥት ሕይወት ያድናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1962 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን፣ ሶቭየት ኅብረት ሚሳይሎች በተከለችባት ኩባ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ሞተ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አማካሪዎች እንዲህ ከሆነ የተኮሰውን ጣቢያ ለመደብደብ አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ኬኔዲ ግን ታገሡ። ተኩሱ ሞስኮ ያላዘዘችው እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። አውሮፕላኑ በወደቀ ማግስት የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን ለማንሳት ተስማሙ።

እርስዎስ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ ምን ይጠይቁ? አንደኛ፣ ከቁጣው ማን ያተርፋል? ሁለተኛ፣ ጦርና ስንቅ ከድርጊቱ በፊት ተከማችቶ ነበር? ሦስተኛ፣ የቀረበው ጥያቄ ሊፈጸም የሚችል ነው ወይስ እምቢታን የሚሻ? አራተኛ፣ ገለልተኛ ወገን ገብቶ እንዲያጣራ ማን ፈቀደ፣ ማንስ ከለከለ?

መልሱ እስኪገኝ ወሬውን ለሌላው ከማስተላለፍ ይቆጠቡ። ትንኮሳ የሚሠራው በመሪዎች ቁጣ ብቻ አይደለም፤ በሕዝብ ቁጣም ነው። ሕዝቡ «ይጣራ» ካለ መሪው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። የችኮላውን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ወደ ግንባር የሚላኩት ልጆች ናቸው።