አቀንጭራን በአታላይ ሰብል መቀነስ

በወሎ ቆላማ አካባቢዎች ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የአቀንጭራን ጉዳት በሚገባ ያውቃል። አረሙ ብቅ ሲል መንቀል አዲስ ዘር እንዳይረግፍ ይረዳል፤ የዚያን ዓመት ሰብል ግን አያድንም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከመሬት በታች፣ አቀንጭራው የማሽላውን ሥር ሲመጥ ነውና። ስለዚህ ዘሩን በአፈር ውስጥ እንዳለ ማታለል ያስፈልጋል።

ዘሩ የሚታለለው እንዴት ነው?

አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው በእርጥብ አፈር ሰንብቶ ከሰብል ሥር የሚመነጭ ቅመም ሲደርሰው ነው። ስንቁ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል።

ጥጥ ይህን ቅመም ያመነጫል፤ አቀንጭራ ግን ሊመገበው አይችልም። ስትሪጎል የተባለው ቅመም እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየውም ከጥጥ ሥር ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች

ሀ. አታላይ ሰብል፦ ጥጥ፣ ለውዝና አኩሪ አተር ናቸው። ዘሩን አብቅለው ይገድሉታል፤ ለገበሬውም ምርት ይሰጣሉ።

ለ. አጥማጅ ሰብል፦ ተጠጋግቶ የተዘራ የሱዳን ሣር ነው። ይህን አቀንጭራ በእርግጥ ያጠቃዋል፤ በመሆኑም አረሙ ሳያብብ ከነሣሩ መገልበጥ አለበት። ከዘገየ በአፈሩ ያለው ዘር ይበዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓይነት መጀመር ይሻላል።

መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

1. በአታላይ ሰብል መካከል የበቀለ ማሽላ ይነቀል፤ አለዚያ አቀንጭራው መጠጊያ ያገኛል።

2. አንድ ዓመት አይበቃም፤ ማፈራረቁ በተከታታይ ይደረግ።

3. ገበሬው የዓመት ቀለቡን እንዳያጣ ማሳውን ከፋፍሎ በየተራ ያፈራርቅ።

4. ወደ ማሽላ ሲመለስ በፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ምርምር የተገኙትን ጎብዬንና አብሽርን የመሳሰሉ ተቋቋሚ ዝርያዎችን ይዝራ። እነዚህ ቅመሙን የሚያመነጩት በጥቂቱ ስለሆነ ብዙ ዘር አይቀሰቅሱም።

የአቀንጭራ ዘር በጎርፍ፣ በከብትና በእርሻ መሣሪያ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢደክም ጎረቤቱ ካልተባበረ ውጤቱ አይዘልቅም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የለውዝና የጥጥ ዘር በወቅቱ እንዲያቀርቡ፣ ለምርቱም ገበያ አስቀድመው እንዲፈልጉ እናሳስባለን። ገበያ ያላገኘ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ሙሉ በሙሉ ወደ ማሽላ መመለሱ አይቀርም።