አንድ ጥርስ በውጫሌ ኩርባ

ውጫሌ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚታወሰን የትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ ፈቃድ የነበረው በጣሊያንኛ ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ ነገሩ እስከ ዓድዋ ዘለቀ። በጥቂት ቃላት ልዩነት! ዛሬ የምናወራው ግን ከዚያም ስለሚያንስ ልዩነት ነው፤ ከሞተር ሳይክል ላይ ስለሚቀነስ ወይም ስለሚጨመር አንድ የብረት ጥርስ።

የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ፣ ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ናት። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ ተራራውን እየታከከ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። እንዲህ ባለ አገር ባል ሞተሩን ይዞ፣ ሚስት ከኋላ ሕፃን አዝላ፣ በጎንና በጎን ዕቃ ተንጠልጥሎ ከገበያ ሲመለሱ ማየት ብርቅ አይደለም። ዳገት ላይ ያለ ኩርባ ሲመጣ አሽከርካሪው ፍጥነት ይቀንሳል። ኩርባውን ጨርሶ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የጭነት መኪና ከኋላ እየመጣ፣ ቤተሰብ የተሸከመ ሞተር ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር የሚሰማውን ስሜት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ትገምቱታላችሁ።

«ጉልበት የለውም፣ ሸጠን ትልቅ እንግዛ» የሚባለው ያኔ ነው። ማስታወቂያውም የሚያወራው ስለ ሲሲ ብቻ ነው። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ትልቅ ቁጥር ይሸጣል፤ የጥርስ ብዛት ግን በፖስተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከኩርባ ቶሎ መውጣትን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚነኩት ጥርሱን ነው።

ተወዳዳሪዎቹ የሚያውቁት

እነዚህ ሰዎች የኳድ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ኳድ አራት ጎማ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው በእጀታ የሚመሩት ተሽከርካሪ ነው። በዳካር ራሊ ከ2009 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) የራሱ ምድብ ነበረው፤ በፈረንሳይ ፖን ደ ቮ ከተማም ለ12 ሰዓት የሚዘልቅ የታወቀ ውድድር አለው። በአፈር ሜዳ ላይ በሚደረገው ሩጫ ቀጥ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ኩርባው ይበዛል። ስለዚህ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ሳይሆን ከኩርባው ቀድሞ የተወነጨፈው ይመራል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል በካቴና ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ካቴናው ከፊት በትንሽ፣ ከኋላ በትልቅ ጥርሳም ክብ ላይ ይዞራል፤ መካኒኮች ስፕሮኬት ይሉታል። ያማሃ ዋይኤፍዜድ 450አር የተባለውን የውድድር ኳድ ብንወስድ ከፋብሪካ ሲወጣ የፊቱ 14፣ የኋላው 38 ጥርስ አለው። 38ን ለ14 ሲያካፍሉ 2.71 ይመጣል፤ የኋላው አንድ ጊዜ እንዲዞር የፊቱ 2.71 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። የፊቱን በ13 ቢቀይሩት ቁጥሩ 2.92 ይሆናል። ወደ ጎማው የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያው የሞተር ዙር የሚገኘው ፍጥነት ደግሞ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፤ ከሜዳው ፍጥነት ተቀንሶ ለኩርባው ተሰጠ እንጂ።

የኋላውን ወደ 41 ከፍ ማድረግም ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ከፊት አንድ መቀነስ ከኋላ ሦስት ያህል እንደመጨመር ነው። የፊቱ በዋጋ ይረክሳል፣ ለመቀየርም ይቀላል። ነገር ግን ትንሽ ክብ ላይ የሚዞር ካቴና በኃይል ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል። ገንዘቡ ያለው ተወዳዳሪ የኋላውን የሚመርጠው ለዚህ ነው። እኔም ብጠየቅ የኋላውን እላለሁ።

ታዲያ ስንት ጥርስ ይቀየር? ተወዳዳሪው ራሱን የሚጠይቀው «ያ ዋናው ኩርባ ላይ በስንተኛ ማርሽ ነኝ?» ብሎ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ገና ሳይወጣ መቀየር ካስፈለገው፣ ሦስተኛ ላይ ደግሞ ሞተሩ ከታፈነ፣ ኩርባው በሁለቱ መካከል ወድቋል። ማስተካከያው ሦስተኛው ማርሽ ያለ ማቃሰት ከኩርባው እስኪያወጣው ድረስ ነው።

ጎማውም ራሱ ማርሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኋላውን 20 ኢንች ጎማ በ18 ኢንች የቀየረ ሰው በየዙሩ የሚሄደውን ርቀት በ10 በመቶ ስለቀነሰ ጥርስ የቀየረ ያህል ነው። ኳዱም ዝቅ ስለሚል በኩርባ ላይ የመገልበጥ ጠባዩ ይቀንሳል። የጎማው ንፋስ ደግሞ ለመኪና የለመደውን ዓይን ያስደነግጣል፤ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነው። ጎማው ለስለስ ብሎ አፈሩን እንዲይዝ ነው።

የኳዱ ሌላ ጉድ የኋላ አክሱ ነው። የውድድር ኳድ ዲፈረንሻል የለውም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ታስረው እኩል ይዞራሉ። በኩርባ ላይ ግን የውስጠኛው ጎማ የሚሄደው መንገድ ከውጪኛው ያጥራል፤ እኩል መዞራቸው ስለማይቀር ከሁለቱ አንዱ መንሸራተት አለበት። አሽከርካሪው ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ኩርባው ውስጥ የሚንጠለጠለው ለታይታ ሳይሆን እንዳይገለበጥ ነው። ስለዚህም ነው ኳድ ለልጅ መጫወቻ የማይሆነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይነዳው ይመክራል። በመዝናኛ ስፍራ በኪራይ ሲያገኙት ይህን አይርሱ።

ወደ ዳገታችን ስንመለስ

በካቴና የሚሄድ ሞተር ሳይክል ሁሉ በዚሁ ሕግ ይገዛል። አብዛኛው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጥርሱ የተመረጠው ለሜዳውም ለዳገቱም በአማካይ ነው። አምባሰል አማካይ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣ፣ ሰውና ኩንታል የሚጭን ሰው፣ ሞተር ከመቀየሩ በፊት ከኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ቢያስጨምር አዋጭ ነው። ካቴናው ሊያጥር ስለሚችል ከሁለቱ ጥርሶች ጋር አብሮ መቀየር ይሻላል፤ አሮጌ ካቴና አዲስ ጥርስ ይበላል። በአንጻሩ ብዙ ጊዜውን በሜዳ ለሚነዳ ሰው ይህ ለውጥ ነዳጅ ማባከን ነው፤ በአንድ ፍጥነት ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ ይዞራልና። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከማርሽ ሳጥኑ የሚነሳ ከሆነም ንባቡ ይዛባል፤ ከፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ አያሳስብም።

ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ግን ሌላ ነገር ናት። ካቴና የላትም፤ ኃይሉ በዲፈረንሻል በኩል ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይከፈላል፤ ስለዚህ እንደ ኳዱ የውስጠኛው ጎማዋ መንሸራተት አያስፈልገውም። የሚያሰጋት ከፊት አንድ እግር ብቻ መሆኗ ነው፤ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ፍሬን የያዘ ሾፌር ወደ ጎን ያጋድላታል። ለእሷ የሚሠራው የተወዳዳሪዎቹ ሌላ ልማድ ነው፦ ፍሬኑም የማርሽ ቅነሳውም ከኩርባው በፊት ያልቃል፤ ነዳጅ የሚሰጠው መሪው መቃናት ሲጀምር ነው። ተሳፋሪ ሆነው ሾፌሩ ኩርባው መሃል ማርሽ ሲታገል ካዩ «ቀስ በል ወንድሜ» ማለት ነውር የለበትም።

ከዳገቱ ይልቅ ስለ ቁልቁለቱ ብዙም አይወራም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍተው የሚለቁ አሉ፤ ፍሬኑ ብቻውን ሁሉን ሲሸከም ይግላል፣ የግለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። የኋላ ጥርስ የተጨመረለት ሞተር በዚያው ማርሽ ላይ ይበልጥ ስለሚይዝ፣ ዳገት ሲወጡ የተከፈለው ወጪ ቁልቁለት ሲወርዱም ያገለግላል።

ለውጡን ካስገጠሙ በኋላ ባለቤትዎንም ልጅዎንም ሳይጭኑ፣ ትራፊክ በማይበዛበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ ወደሚያስቸግርዎት ኩርባ ይሂዱ። ከመግባትዎ በፊት ማርሽ ቀንሰው በዚያው ማርሽ ይውጡ። ሞተሩ ካቃሰተ በአንድ ማርሽ ዝቅ ብለው ይድገሙት፤ ከጮኸ ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ያንኑ በጭነት ይሞክሩ፤ መጀመሪያ በከረጢት እህል፣ ሰው ከዚያ በኋላ ነው። የካቴናውን መርገብና መወጠር ሲያስለኩ ደግሞ ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ይሁን፤ ባዶውን ልክ የነበረ ካቴና ሰው ሲጫን ይወጠራልና።