ሁለት ስም ያለው አንድ ኪኒን

«ልጄ፣ ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ይጽፋል፤ እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

ይህን ያሉኝ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ እናት ናቸው። የደም ግፊትና ስኳር አለባቸው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሰው አልጠፋም። ከኩፓት ሆሊም እኔ ነርሷና ፊዚዮቴራፒስቱ እንመጣለን፤ ቢቱዋህ ሌኡሚ በፈቀደላቸው የሲኡድ ሰዓት ደግሞ ሜታፔሌቷ ትመጣለች። ግን አንዳችን የሌላውን ሥራ አናውቅም ነበር። እኔም በመጀመሪያው ቀን ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ለክቼ ነው የሄድኩት።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስነሣ ያዞረኛል፤ እግሬም አብጧል» አሉኝ። መድኃኒታቸውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አወጣን። በአንዱ ፓኮ ላይ «ኖርቫስክ»፣ በሌላው ላይ «አምሎዲፒን» ይላል። ሁለቱ አንድ የግፊት መድኃኒት ናቸው፤ አንዱ የንግድ ስሙ፣ ሌላው የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። እናታችን አንዱ ከሆስፒታል በፊት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ስለታዘዘላቸው ሁለቱንም በየቀኑ ይወስዱ ነበር። ወዲያው ለሐኪማቸው ደወልኩ፤ አንዱ እንዲቀር አዘዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ጎደለ፣ ማዞሩም ተዋቸው። ቡናቸውንም ራሳቸው አፈሉ።

በቤትዎ እንዲህ እንዳይደርስ የሚከተሉትን ያድርጉ፦

• ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ደብዳቤና በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቶሎ ለቤተሰብ ሐኪምዎ ያሳዩ። መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ።

• ጉዳይዎን የሚከታተለው ማን እንደሆነ ኩፓት ሆሊሙን ይጠይቁ። ስሙንና ስልኩን ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ።

• አንድ ደብተር ያስቀምጡ፤ የመጣ ባለሙያ ሁሉ ያየውንና ያዘዘውን ይጻፍበት።

• የልጅ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሕክምናው በሚገባዎት መንገድ እንዲነገርዎት ያዛል። በስልክ የሚያስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

በሜታፔሌትነት ለምትሠሩ እህቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ሰዓት ከታማሚው ጋር የምትውሉት እናንተ ናችሁ። መድኃኒት መቀየር የእናንተ ድርሻ አይደለም፤ ማዞር፣ እብጠት ወይም ምግብ እምቢ ማለት ስታዩ ግን በደብተሩ ጻፉ፣ ለቤተሰቡና ለነርሷም ደውሉ።

እናታችን አሁን የሚመጣውን ሁሉ ደብተሩን ይዘው ነው የሚቀበሉት። «ከመጻፍህ በፊት ጠይቀኝ» ይሉታል።