እባቡ ቆላ፣ ማርከሻው የት?

ጫጫ ላይ እባብ የሚፈራው ከሚያደርሰው ጉዳት በላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ውርጭ ባቄላውን የሚያቃጥልባት ደጋ ናት። እባብ ደግሞ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ስለሆነ እንዲህ ባለ ብርድ አገር ቁጥሩም ዓይነቱም ያንሳል። ከካብ ሥር ወይም ከጭድ ክምር ብቅ ከሚሉት ብዙዎቹ ሰው የሚገድል መርዝ የላቸውም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የተገኘው ሁሉ ይቀጠቀጣል።

የከፋው ቁልቁል ነው። ጣርማበርን አልፈው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። የደጋ ልጅ ለማሽላና ለማሾ አጨዳ የሚወርደው ወደዚያ፣ ሲርቅም ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ነው። ሜዳ ላይ ያድራል፤ ባዶ እጁን ነዶ ውስጥ ይሰዳል። እፉኝት ኮቴ ሲሰማ እንደ ሌላው እባብ ቶሎ አይሸሽም፤ አፈር መስሎ ይተኛና ሲረገጥ ይነድፋል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ምዕራብ አርማጭሆ አብደራፊ ላይ ከካላዛር በሽታ ጎን በእባብ የተነደፉትን ሲያክም የኖረውም ለእነዚሁ የቀን ሠራተኞች ብሎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት ይገምታል። ችግሩን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ እባቦች የሚሆነውን ማርከሻ ማምረት አቁሟል፤ አላዋጣውም። ገዢው ድሃ ገበሬ ነበርና። ለህንድ እባብ የተሠራው ማርከሻ ደግሞ ለእኛው እፉኝት አይሆንም።

ታማሚው መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄደው አላዋቂ ስለሆነ አይመስለኝም። እባብ ነድፎ መርዝ የማይለቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ የተነደፈው ሰው ምንም ቢደረግለት ይድናል፣ ምስጋናውም ለመድኃኒት አዋቂው ይሆናል። ሆስፒታል የሄደው ጎረቤቱ ማርከሻ አጥቶ ከሞተማ ወሬው አለቀ።

መርዙ ደም ውስጥ መግባቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት ደም በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ቀድቶ ሳይነቀንቁ 20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ከዚያ ዘንበል ሲያደርጉት ደሙ እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ እንዳይረጋ አድርጎታል፣ ማርከሻ ያስፈልጋል። ነርቭ የሚይዘው መርዝ ግን በዚህ አይታወቅም፤ እሱን የሚያሳብቀው የዓይን ቆብ መውደቅና የመተንፈስ ችግር ነው።

የተነደፈው ሰው ሕክምና ቦታ እስኪደርስ ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ እግሩን በገመድ ጠፍሮ ማሰር ይጎዳል። ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ እግሩን በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግና በቃሬዛ ማድረስ ነው። ግን የት? ለጫጫ ሰው ደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ማሽላ ሲያጭድ ሮቢት ቆላ ላይ ለተነደፈው ልጅ ግን ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ማርከሻው አጨዳው ሳይጀመር እዚያው ቆላ ጤና ጣቢያ፣ ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት።